መቶ አሥራ ሁለት ሰው

ማስታወቂያውን የለጠፉት ሻለቃ ገና ወልውላ በጨረሰችው መስታወት ላይ ነበር። መጀመሪያ ያናደዳት እሱ ነው። ሙጫው ሳይደርቅ በአራቱም ማዕዘን ወደ ታች ተዝረክርኳል። በጥፍሯ ልትፍቀው ጠጋ ስትል ነው ጽሑፉን ያነበበችው። «ይህ በር የተጠቃሚው ብዛት በቀን በአማካይ መቶ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ በመሆኑ ከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በቋሚነት የሚዘጋ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል።

አንዴ አነበበችው። ደገመችው። ከዚያ ሳቋ መጣ። ብቻዋን፣ መወልወያዋን ተደግፋ፣ አፏን ሞልታ ሳቀች።

«መቶ አሥራ ሁለት!» አለች ለባልዲዋ። «እኔ ቁርሴን ሳልበላ የዚህን አሥር እጥፍ ሰው ኮቴ አይደል እንዴ የምወለውለው!»

ሻለቃ ውትድርናን በሩቁም አታውቀው። ስሙን ያወጡላት የጣቢያው ሠራተኞች ናቸው፤ እርጥብ ወለል በረገጠ ሰው ላይ ስትጮህ ሰምተው። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀላል ባቡሩ ከመሬት በታች በሚያልፍበት በዚህ ጣቢያ በጽዳት ሠራተኝነት ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች፤ ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቷታል።

ጣቢያው ሁለት በር አለው። የላይኛው በር መስታወት በመስታወት የሆኑ ፎቆች ወዳሉበት ጎን ይወጣል፤ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለው፣ የአበባ መደብ አለው፣ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮም እዚያው ነው። የታችኛው በር የሚወጣው ወደ ሰፈሩ ነው፤ ወደ ጋራዦቹ፣ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ወደ ትምህርት ቤቱና እርስ በርስ ተደጋግፈው ወደቆሙት የኪራይ ቤቶች። በሁለቱ መሀል ስምንት መኪና ጎን ለጎን የሚነዳበት መንገድ ተዘርግቷል። የታችኛው በር ከተዘጋ የሰፈሩ ሰው ባቡር ለመያዝ የብረቱን ድልድይ ስልሳ አራት ደረጃ ወጥቶ፣ በዚያ ማዶ ስልሳ አራት ደረጃ መውረድ ሊኖርበት ነው። የታችኛው በር ግን ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። ለጥ ያለ ተዳፋት ነው፤ የሕፃን ጋሪም፣ ምርኩዝም፣ የደከመ ጉልበትም ያለ ሐሳብ ይወርድበታል።

ሻለቃ ሰውን የምታውቀው በእድፉ ነው። በማለዳ ዳቦ ጋጋሪዎቹ የዱቄት መዳፋቸውን የበሩ እጀታ ላይ ትተው ያልፋሉ። ቀጥሎ መካኒኮቹ ይመጣሉ፣ የግድግዳው መደገፊያ ብረት በግሪስ ይጠቁራል። ከዚያ ተማሪዎቹ ናቸው፤ የነሱን ባናነሳው ይሻላል። የላይኛውን በር ለመወልወል ሦስት ባልዲ ውሃ ይበቃል፣ የታችኛው ሰባት ይጠጣል። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ባልዲውን የሚሞላውም የሚደፋውም የሷ ክንድ ነው።

ስለዚህ ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣች።

ኃላፊው ሠላሳ ያልሞላው፣ ክራባቱን ለአንድ አፍታ የማያላላ ልጅ ነው። ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለሻለቃ በቀለላት ነበር። የዓለሙን ነገር ሁሉ ከኮምፒዩተሩ ላይ ስለሚያይ ሠራተኞቹ እሱ በሌለበት «ስክሪን» ይሉታል።

«አለቃ፣ ይቺ መቶ አሥራ ሁለት ከየት መጣች?»

«ከቆጣሪው ነዋ፣ እትዬ። ይቀመጡ እንጂ።»

«ባልዲ ይዤ አልቀመጥም። የምን ቆጣሪ?»

የኮምፒዩተሩን ስክሪን ወደሷ አዞረላት። ሁለት መስመር ይታያል፤ ሰማያዊው ሽቅብ ወጥቷል፣ ቀዩ ከወለሉ ጋር ተጣብቋል። «ሰማያዊው የላይኛው በር ነው፣ ቀዩ የታችኛው። የዛሬ አሥራ አራት ወር በየበሩ ቆጣሪ ተገጥሟል። ሰው በፊቱ ሲያልፍ በጨረር ይቆጥራል። ይኸው ነው ውጤቱ።»

«ተሳስቷላ!»

«ማሽን እኮ አይዋሽም፣ እትዬ።»

«የምዋሸው እኔ ነኛ! እስቲ የታለ ይሄ እውነተኛ? እኔ አንድም ቀን ዓይቼው አላውቅም!»

ኃላፊው ፎቶውን ፈልጎ አወጣላት። ነጭ ሳጥን ናት፤ አንድ ሳሙና ብታክል ነው። በወገብ ልክ ከግድግዳው ወጣ ብላ ተገጥማለች፣ መሀሏ ላይ ጥቁር አተር የምታህል ዓይን አለቻት።

ሻለቃ ባልዲዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

ያቺን ሳጥን ታውቃታለች። ነገሩ እንዲህ ነው። የታችኛው በር የዕቃ ቁም ሣጥን ማንጠልጠያ ከተነቀለ ቆይቷል። ሻለቃ ሌላ ይገጠምልኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ ሁለቴ በቃል፣ አንዴ በጽሑፍ። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለች። የመስታወት ጨርቅ ደግሞ ወለል ላይ አይጣልም፤ አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋ የያዘ ጨርቅ መስታወት ይቧጭራል። እንዲህ ስትንገበገብ አንድ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ ያቺን ነጭ ሳጥን ግድግዳው ላይ አገኘቻት። ቁመቷ ልክ፣ ጥንካሬዋ ልክ። ምን እንደሆነች የነገራት የለም። «አሁን ገና ሰሙኝ!» አለች ሻለቃ። ዘመናዊ ማንጠልጠያ መሰላት። ጨርቋን ሰቀለችባት። በዚያው ቀን ቢሮ ድረስ ወጥታ አመስግናለች።

ከዚያ ወዲህ ጨርቁ በሩ ሲከፈት ይሰቀላል፣ በሩ ሲዘጋ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ የሚተካት ባልደረባዋ፣ ጭምቱ የሚሉት ሰውዬም፣ እሷ ባሳየችው መሠረት እዚያው ይሰቅላል። ጨርቁ ከሳጥኗ ላይ የሚነሳው መስታወት ሊወለወልበት ወይም ሊታጠብ ነው። መቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች በዚያች ደቂቃ ያለፉት ናቸው።

«እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?» አለ ኃላፊው።

«ደህና ነኝ» አለች፤ ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ውሃው በመንገዷ ሁሉ ተንጠባጠበ። ዞራ አልወለወለችውም።

ሻለቃ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው፤ ከታችኛው በር ሦስት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተው። እህቷን እታለም ትላታለች። እታለም ቀኝ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታጠፍም፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታለች። ሐኪሞቹ ሁሉ ድምፅዋን ያውቁታል፣ ግማሾቹም ይፈሩታል። በየጠዋቱ በታችኛው በር ገብታ በአራተኛው ጣቢያ ከባቡር ትወርዳለች። የሰው እጅ ሳትይዝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት እታለም ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሻለቃ ጫማዋን ሳታወልቅ ሁሉንም ዘረገፈችላት። እታለም ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ፣ ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች።

«ማንጠልጠያ! አመሰገንሽ ደግሞ!»

«ሳቂ፣ ሳቂ። በሩ እኮ ሊዘጋ ነው፣ እታለም።»

እታለም ሳቋን አቆመች። እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ስልሳ አራት ደረጃ» አለች። «አንድ ቀን እወጣው ይሆናል። ሁለት ቀንም። በየቀኑ ግን አልችለውም። ሥራዬ አለቀለት በይ።»

«ብናገር ያባርሩኛል። ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ።»

«ተናገሪ አልኩሽ?»

«አላልሽም። እንዲህ ዝም ብለሽ ስታዪኝ ነው የባሰው።»

እታለም ቢላዋዋን አነሳች። «እንግዲያው ጨርቅሽን አንሺና ይቁጠራ። ምን አስለፈለፈሽ።»

ይህ ለሻለቃም ጥሩ መሰላት። ማንም ሳይሰማ፣ ማንም ሳይወቅሳት ነገሩ ይስተካከላል። ከማግሥቱ ጀምሮ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መዋል ጀመረች፤ ቀሚሷ በጎን በኩል ሁልጊዜ እርጥብ ሆነ። ለጭምቱም «እዚያ እንዳትሰቅል» አለችው። ለምን አላላትም። እሱ ለምን ብሎ አያውቅም።

ሳምንት ጠብቃ ወደ ቢሮ ወጣች። «አለቃ፣ ቀዩ መስመር እንዴት ሰነበተ?»

የኃላፊው ፊት በራ። «እትዬ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ! ተሳስቷል!»

ሻለቃ ትንፋሿ መለስ አለላት። «አላልኩም?»

«ብለዋል! ምን ቢል ጥሩ ነው? በቀን ስድስት ሺህ አራት መቶ! ከመቶ አሥራ ሁለት ተነስቶ! ይሄማ መበላሸት ነው። ለዋናው መሥሪያ ቤት ጥገና እንዲልኩ ጽፌያለሁ፣ የዚህ ሳምንት ቁጥርም ከስሌቱ ወጥቷል። ያለፈው አሥራ አራት ወር ንጹሕ ስለሆነ ውሳኔው ምንም አይነካውም፣ አይዞዎት።»

እውነቱ ራሱ መጥቶ በራቸውን ሲያንኳኳ ብልሽት ነህ ተብሎ ተመለሰ። ደሟ ፈላ፤ ለራሷ የነበራት ፍርሃት እዚያው ቢሮ ውስጥ ለቀቃት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባ ከተባለ፤ ነገሩ አስቀድሞ ተወስኗል፣ ሰው የተጠራው ተቀምጦ እንዲሰማ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተሯ መጥታለች፤ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ጊዜዋን በሰዓቷ እያየች የምትናገር ሴት ናት። ኃላፊው ሁለቱን መስመሮች ግድግዳው ላይ አበራ። አዳራሹ ተንጫጫ። «የኛ ጋራዥ ሰው ብቻ አርባ ነው!» አለ አንዱ መካኒክ። ዳይሬክተሯ ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቃ፣ «ስሜታችሁን እረዳለሁ፣ እኛ ግን የምንሠራው በመረጃ ነው» አለች።

ሻለቃ ከኋላ ረድፍ ተነሳች። ተራዋ ባይሆንም የደንብ ልብሷን ለብሳ ነው የመጣችው፤ ጨርቁን በእጇ ይዛለች። እታለም ከጎኗ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየቻትም፣ ቀሚሷን ብቻ ያዝ አድርጋ ለቀቀቻት።

«መረጃው የኔ ነው» አለች ሻለቃ።

አዳራሹ ዞሮ አያት።

«ቆጣሪውን አሥራ አራት ወር ሙሉ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። በዚህ ጨርቅ። ማንጠልጠያ መስሎኝ።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው። ሻለቃ አንድ ሳታስቀር ተናገረች፤ የተነቀለውን ማንጠልጠያ፣ ሦስቱን ጥያቄ፣ ነጯን ሳጥን። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች።

«አለቃ፣ ያኔ ቢሮዎ መጥቼ ለማንጠልጠያው እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ነበር። ምን አሉኝ?»

ኃላፊው እስከ ጆሮው ቀላ። «ምንም አይደል አልኩ።»

«የቱ ማንጠልጠያ ቢሉኝ ኖሮ ዛሬ ይሄ ሁሉ ሰው ከቤቱ አይወጣም ነበር።»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «በድርጅቱ ሥራ ላይ ያደረሱትን ጉዳት በሰው ፊት እያመኑ መሆኑን ተረድተዋል?»

«በደንብ! ይጻፍ፣ እፈርማለሁ። ጥፋቴን የምክድ ሴት አይደለሁም። ግን ከጎኑ ይሄም ይጻፍልኝ። እኔ ሳላውቅ አንድ ዓይን ሸፈንኩ። እናንተ ሁለት ሁለት ዓይን ይዛችሁ አሥራ አራት ወር አንድ ቀን ወርዳችሁ አላያችሁም! ከቢሮው እስከ ታችኛው በር መቶ ሃምሳ እርምጃ ነው። እኔ ባልዲ ይዤ በቀን ሃያ ጊዜ እመላለሰዋለሁ።»

ጭብጨባው ሲያባራ ከመሀል ረድፍ ጭምቱ ተነሳ። በስብሰባ ላይ ድምፁን የሰማ ሰው አልነበረም። «እኔም ሰቅያለሁ» አለና ተቀመጠ።

ዳይሬክተሯ ወረቀቷን ሰበሰበች። «ግልጽነታችሁን አደንቃለሁ። ይሁንና የድርጅቱ ውሳኔ በሰው ቃል አይለወጥም። የምናምነው መሣሪያው የመዘገበውን ነው። በሩ ሰኞ፣ በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። የእርስዎም ጉዳይ በዲሲፕሊን ይታያል።»

ሁለቱ እህትማማቾች ወደ ቤት አዘገሙ። ምርኩዙ አስፋልቱን ቋ፣ ቋ ያደርጋል። ደጃፋቸው ሲደርሱ እታለም ቆመች።

«በሩም ሄደ፣ ሥራሽም ሄደ። አጉል አደረግኩሽ።»

«ገና አልዘጉትም። ሰኞ ጠዋት ተረኛዋ እኔ ነኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ሥራዬን ነዋ። ጨርቄን እሰቅላለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ሻለቃ የታችኛውን በር እንደወትሮዋ በሰዓቱ ከፈተች። ከዚያ ጨርቋን በሳሙና አጥባ፣ ጨምቃ፣ ከመሬት በታች ያለውን ረጅም መተላለፊያ አቋርጣ ወደ ላይኛው በር ሄደች። እዚያም ነጭ ሳጥን አለች፤ በዚያው ቁመት፣ ያችው ዓይን። ጨርቁን አራግፋ ሰቀለችው። ጫፍና ጫፉን ጎተት አድርጋ አስተካከለች፣ የሷ ሥራ ነዋ፣ ጎባጣ ሥራ አትወድም። መወልወያዋን ይዛ ከጎኑ ቆመች።

አንድ ሰዓት ሲሆን የላይኛው በር ተጥለቀለቀ። ከባቡር የሚወርደው ሱፍ ለባሽ፣ ታኮ ጫማ፣ ቦርሳ ያዥ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ በጨርቁ ፊት ያልፋል። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ኃላፊው ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። ዳይሬክተሯ ተከትላዋለች፤ ከኋላዋ አዲስ ቁልፍና ሰንሰለት የያዘ ጥበቃ አለ።

«ሰማያዊው መስመር ወረደ!» አለ ኃላፊው ትንፋሽ አጥሮት። «ዜሮ ነው የሚ—»

ጨርቁን አየ።

«ስንት ሰው ገባ ይላል?» አለች ሻለቃ።

«እትዬ…»

«አንተን እኮ ነው የምጠይቅህ። ስንት ይላል?» ዘጠኝ ዓመት አለቆቿን አንቱ ብላ ኖራለች፤ አንተ ማለቷን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። አልመለሰችውም።

«ዜሮ» አለ ኃላፊው።

ሻለቃ ወደ ዳይሬክተሯ ዞረች። ሰው በመካከላቸው እየተሹለከለከ ያልፋል፤ አንዱ ቸኩሎ የዳይሬክተሯን ትከሻ ገጭቶ ይቅርታ አለ።

«የምናምነው መሣሪያው የመዘገበውን ነው ብለውኛል፣ በሰው ሁሉ ፊት። እሺ። ይኸው መዝግቧል። በዚህ በር ሰው አይገባም፣ አይወጣም። አሁን የገጨዎት ሰውዬም የለም።» እጇን ወደ ጥበቃው ዘረጋች። «ሰንሰለቱን ወዲህ በለው። ልዝጋው።»

ጥበቃው ሳያስበው ሰንሰለቱን ሊሰጣት ነበር፤ ዳይሬክተሯ በዓይኗ መለሰችው። ጨርቁን አየችው። ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሻለቃ መወልወያዋን ጨብጣ ቆመች። ለራሷ የምትለምነው ነገር አልነበራትም።

ቀድሞ የተናገረው ኃላፊው ነው። «ዛሬን ይስጡኝ» አለ ለዳይሬክተሯ። «ወርጄ በእጄ እቆጥራለሁ። ልክ ካልሆነ ማታ እኔ ራሴ እዘጋዋለሁ።»

«አንድ ቀን» አለች ዳይሬክተሯ። ሰዓቷን ሳታይ።

ኃላፊው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ፣ መቶ ሃምሳውን እርምጃ ሄዶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታችኛው በር ሥር ቆመ። ተዳፋቱን ቋ፣ ቋ እያደረገች የምትወርድ ሴት ነበረች። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች፣ ወረቀቱን አየችና ምርኩዟን አስተካከለች።

«ስንተኛ ነኝ?» አለች እታለም።

«አንደኛ።»

«በል በርታ። ከኋላዬ ብዙ ነን።»

ማታ ኃላፊው አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሞልቶ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ እጅጌው ላይ የዱቄት መዳፍ፣ ክራባቱ ላይ ግሪስ ይዞ ወደ ቢሮው ወጣ። ክራባቱን ፈታው። በሩ አልተዘጋም፣ ማስታወቂያውም በማግሥቱ ተነሳ። ሙጫውን የፋቀችው ሻለቃ ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ፖስታ መጣላት። «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይላል፤ የድርጅቱን መቁጠሪያ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ከጥቅም ውጭ በማድረጓ፣ ሁለተኛውን ሆነ ብላ። ኃላፊው መቀበሏን የምትፈርምበትን ቅጂ አቀረበላት። ሻለቃ ፈረመች። ከፊርማዋ ሥር ባለችው ክፍት ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደል ጨመረችበት፦ «ማንጠልጠያ ስላልነበረ።»

«እንዲህ ብሎ መጻፍ አይፈቀድም እኮ፣ እትዬ» አለ ኃላፊው፤ ግን አልሰረዘውም። ከመሳቢያው አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። የብረት ማንጠልጠያ ነው፣ ከሁለት ብሎን ጋር። ከራሱ ኪስ የገዛው ይመስላል።

ሻለቃ ወርዳ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ራሷ ገጠመችው። በእጇ ጎትታ ሞከረችው፤ አይነቃነቅም። ማስጠንቀቂያውን መሀሉን በስታ ማንጠልጠያው ላይ ሰቀለችው። እርጥቡን ጨርቅ ከላዩ ደረበችበት።